ጎረቤቶቿን ያሳየችው ርግብ

አንድ ጊዜ፣ ከየብስ ሁሉ በራቀ ውቅያኖስ መካከል፣ እሳተ ገሞራ ከባሕር ሥር ገፍቶ ያወጣት ደሴት ነበረች። ጥንት ማዕበል ያመጣቸው ርግቦች ሰፈሩባት። የሚያሳድዳቸው አውሬ ስላልነበረ ከትውልድ ወደ ትውልድ ሰውነታቸው ገዘፈ፣ ክንፋቸው ኮሰሰ፤ በመጨረሻም መብረር ጨርሰው ረሱ።

ከእነሱ አንዷ ርግቢት ነበረች። ዓመት በዓመት እንቁላሏን ጎርፍ እየወሰደባት ኖራ ገና አንድ ጫጩት መፈልፈሏ ነበርና ዓይኗን ከእሱ ላይ አትነቅልም።

አንድ ቀን ውሃ ሊቀዳ ከቆመ መርከብ ጅብና ቀበሮ አምልጠው ደሴቲቱ ላይ ቀሩ። አያ ጅቦ ለሀጩን እያዝረበረበ ወደ ርግቦቹ ሮጠ። እነሱም ግር ብለው ወጡና በወፍራም መንቁራቸው አፍንጫውንና እግሩን ቦጫጨቁት። እያነከሰ ሸሸ።

«ቀበሮ ወንድሜ፣ ወፍ ደበደበኝ!» አለ።

«አንተ ቂል! መንጋ በአንዴ ይበላል? አንድ አንድ እያሉ ነው እንጂ።»

በማግስቱ ቀበሮ አንገቱን ደፍቶ ወደ ርግቢት ጎጆ መጣ።

«እመት ርግቢት፣ እንደምን አደሩ? ልጅዎ እንዴት ያምራል! ምን ያደርጋል፣ አያ ጅቦ ዛሬ ሊበላው ዝቷል። እኔ ግን ላስጥልልዎ እችላለሁ።»

«ምን ከፍዬህ?» አለች።

«ምንም። ጎረቤቶችዎ የት የት እንደሚተኙ ብቻ ይንገሩኝ። እሱ ከጠገበ እዚህ አይደርስም።»

ርግቢት ጫጩቷን አየች። ከዚያም ድምጿን ዝቅ አድርጋ፣ «ከዚያ ቁጥቋጦ ሥር አንዲት አለች» አለች።

ማምሻውን ከቁጥቋጦው በኩል የሲቃ ጩኸት ተሰማ። ርግቢት የልጇን ጆሮ በኮሳሳ ክንፏ ሸፈነች። በደሴቲቱ የሚኖረው ሽማግሌ አባ ኤሊ እያዘገመ መጣ።

«ርግቢት፣ አልሰማሽም? ተነሺ፣ ሌሎቹን ጥሪና ጅቡን እንደ ትናንቱ ውጉት እንጂ!»

«አባ ኤሊ፣ እኔ እኮ ልጅ አለኝ።»

«የሞተችውስ ልጅ አልነበራትም?»

ርግቢት ፊቷን አዞረች።

ቀበሮ ደጋግሞ መጣ። እሷም ከምንጩ አጠገብ ያሉትን፣ ከባሕሩ ዳር ያሉትን፣ ከገደሉ ሥር ያሉትን ነገረችው። ሁልጊዜም «ይቺ የመጨረሻዋ ናት» እያለች ራሷን ታጽናና ነበር። የተረፉት ርግቦች ማን እንደሚጠቁም ስላላወቁ እርስ በርስ ተጠራጠሩ፤ ተበታተኑ፤ በየተበታተኑበት አለቁ።

አንድ ጠዋት ቀበሮና ጅብ አብረው መጡ።

«ምነው? ቃል ገብተህልኝ አልነበረም?» አለች ርግቢት።

«ገብቼ ነበር፤ ሌላ ጎጆ እስካለ ድረስ» አለ ቀበሮ። አሁን አንቱታውንም ትቶታል። «ካለ አሳዪና እንሂድ።»

የምታሳየው አልነበራትም። ጫጩቷን ከሥሯ አድርጋ ባላት ጉልበት ሁሉ ጮኸች፦

«ኧረ የጎረቤት ያለህ! የጎረቤት ያለህ!»

ከማዕበሉ በቀር የመለሰላት የለም። አባ ኤሊ ሰምቶ መንገድ ጀመረ፤ ግን የኤሊ እርምጃ ነው። አያ ጅቦ ጫጩቱን ከሥሯ መንጭቆ ዋጠው።

«እሷንስ?» አለ አፉን እየላሰ።

«ለነገ ትቆየን» አለ ቀበሮ። «የት ትሄዳለች?»

ከዚህ የምንማረው ጎረቤቱን አሳልፎ እየሰጠ ቤቱን ለማትረፍ የሚሞክር ሁሉ፣ ተራው በደረሰ ቀን የሚደርስለት እንደማያገኝ ነው።