አያ ጥቀርሻና የከተማው በር

ተረት ተረት ስላችሁ «የጭስ በረት» በሉኝ።

ድሮ፣ መኪና እንደ ሰው በሚያወራበት ዘመን፣ አንድ ትልቅ ከተማ ነበር። ጭሱ ከመወፈሩ የተነሳ ድመት ደገፍ ብላ ትተኛበት ነበር። ነጭ በግ ጠዋት ገብቶ ማታ ጥቁር ሆኖ ይወጣል፤ እናቱ እንኳ አታውቀውም። ከሁሉ የባሰው ጭስ ተፊ አያ ጥቀርሻ የሚባል አሮጌ የጭነት መኪና ነበር።

በዚያ ከተማ የሚኖር አንድ አውራ ዶሮም ጭሱ ጉሮሮውን ዘጋውና መጮህ አቃተው። ባለቤቱ እትዬ በለጡም፣ የማይጮህ ዶሮ ከወጥ በቀር ለምን ይሆናል፣ እስከ እሁድ ካልጮህክ ሽንኩርት እከትፋለሁ አለችው።

ዶሮ እየሮጠ ሄዶ የከተማውን እንስሳት እንዲያድኑት ለመነ። እነሱም ተሰብስበው፣ እያጨሰ ወደ ከተማ የሚገባ መኪና በገባ ቁጥር አንድ ቁና ገብስ ለአህዮች ይክፈል፣ አህያ ተሸክማ አታጨስምና ብለው ደነገጉ። ዶሮም በር ጠባቂ ሆነ።

አያ ጥቀርሻ ይህን ሲሰማ፣ ለአህያ ገብስ ከምከፍል ጎማዬ ይፈንዳ ብሎ ማለ።

መጀመሪያ ጭስ ማውጫውን በሊጥ ደፍኖ መጣ። ጭሱ መንገድ ቢያጣ በክላክሱ ወጣ። ሊጡም በሙቀቱ በስሎ ዳቦ ሆነና ተፈናጥሮ ዶሮ እግር ስር ወደቀ። ዶሮ ዳቦውን በልቶ ሲያበቃ በሰለለ ድምፁ፣ «ገብሱስ?» አለው።

አያ ጥቀርሻ አፍሮ ተመለሰ። ቀጥሎ ነጠላ ተከናንቦ መጣ።

«ሙሽራ ነኝ። የሚጨሰው የሠርጌ ወጥ ነው።»

«እንግዲያው አቅምሰኝ፣ አያ ሙሽራው።»

አሁንም ተመለሰ። በሦስተኛው አህዮቹን ፈልጎ፣ ሞተሬን ላጥፋና ጎትታችሁ አስገቡኝ አላቸው። አህዮቹ ተጠቃቀሱና በጉዞ ሁለት ቁና ገብስ ጠየቁት። እሱ በብልጠቱ ሰክሮ እሺ አለ።

በሩ ላይ ደረሱ። ዶሮ አሸተተ፤ ጭስ የለም። እለፍ አለው። አያ ጥቀርሻ በደስታ እየዘፈነ ገባ። ሌሎቹ መኪኖችም አይተው ቀኑበትና በማግስቱ ሁሉም ሞተራቸውን አጥፍተው በአህያ ተጎተቱ።

እሁድ ሲነጋ ሰማዩ እንደ መስታወት ጠርቶ ነበር። ዶሮ ክንፉን አራግፎ ጮኸ፤ ጩኸቱ ሰባት ወንዝ ተሻገረ። እትዬ በለጡ ሽንኩርቱን ጥላ እልል አለች። አህዮቹ ግን መሬት ላይ እየተንከባለሉ ሳቁ። አያ ጥቀርሻ ምን እንደሚያስቃቸው ጠየቀ።

«ቀረጡ አንድ ቁና፣ ብልጠትህ ሁለት ቁና» አሉት።

ሊቆጣ ሲል ዓይኑ በራሱ ገላ ላይ አረፈ። የሌሊቱ ካፊያ ጥላሸቱን አጥቦለታል፤ ለካ ቢጫ ኖሯል። እሱም ሳቀ።

እንግዲህ የሚያጨስ ይክፈል፤ መክፈል የመረረው ማጨሱን ይተው። ተረቴን ለጎረቤት አድርሱ፣ ለደከመው አፌ ጠላ ቅዱልኝ።