የሳሙና ፈቃድ

አንዲት ሴት አሥራ ሁለት ዓመት የሰው ልብስ ስታጥብ ኖራ የራሷን ሳሙና ሠርታ ለመሸጥ ቆረጠች። የመጀመሪያው ሳሙና ረግቶ ከቅርጽ ማውጫው ሲወጣላት በደስታ ለጎረቤት ሁሉ አሳየች። የንግድ ፈቃድ ልታወጣ ንግድ ቢሮ ስትሄድ ግን የቢሮው ኃላፊ አቶ ዘርጋው ማመልከቻዋን በሁለት ጣታቸው ገፋ አደረጉት።

“በራስሽ ድርጅት የሁለት ዓመት ልምድ ያስፈልግሻል” አሏት።

“ያለ ፈቃድ ድርጅት መክፈት ይቻላል እንዴ ጌታዬ?”

“በሕግ ያስጠይቃል!”

“ታዲያ ልምዱን ከየት ላምጣው?”

“እሱ የአንቺ ጉዳይ ነው። ልምድ ለሌለው ሰው ፈቃድ አንሰጥም።”

ሴትዮዋ ማመልከቻዋን ረጋ ብላ መልሳ ወደ እሳቸው አስጠጋችው።

“ይቅርታ ያድርጉልኝና፣ እርስዎ ባለቤትዎን ያገቡት የሁለት ዓመት የባልነት ልምድ አቅርበው ነው?”

ወረፋ የሚጠብቀው ሰው ሁሉ መልሱን ለመስማት ጠጋ አለ። አቶ ዘርጋው ማህተሙን አነሡ።