አማካዩን የምታበላሸው ሴት

አንዲት ሴት ነበረች። ሥራዋ ምንድን ነው ብትሉኝ፣ ቀኑን ሙሉ ኮምፒውተር ፊት ተቀምጣ የሰው አንጎል ማየት ነው። አትሳቁ፤ እውነቴን ነው። ልብን የሚያይ እግዚአብሔር ብቻ ነው፤ አንጎልን ግን ዛሬ ተማሪ ሁሉ ያየዋል።

ስሟን ወይንሐረግ እንበላት። የማስተርስ ተማሪ ናት። ሐኪም አይደለችም፤ የተማረችው ኮምፒውተር ነው። የመመረቂያ ሥራዋም የጤነኛ ሰው አንጎል በአማካይ ምን እንደሚመስል ኮምፒውተሩን ማስተማር ነበር። ጤነኛውን ያላወቀ በሽተኛውን በምን ይለየዋል?

ታዲያ ይህ ሁሉ የአንጎል ምስል ከየት መጣ? ከሰዎች ነዋ። ሾፌሩ፣ አስተማሪዋ፣ የጉሊት ነጋዴዋ፣ ደህና ነን ያሉ ሰዎች ሁሉ በየሆስፒታሉ በፈቃዳቸው ኤምአርአይ ማሽን ውስጥ ገብተው ተኙ። ያ ማሽን እንዴት እንደሚጮኽ የገባበት ያውቀዋል። አትነቃነቁ ተባሉ፤ አልተነቃነቁም። ሲያልቅ ተነሥተው ወደ ኑሯቸው ሄዱ። ይህን ሁሉ ያደረጉት ለማያውቁት በሽተኛ ይጠቅማል ስለተባሉ ብቻ ነው።

ምስሉን ሁሉ አንድ ማዕከል ሰበሰበው። ስማቸውን አወጣ፤ ፊታቸውን ሳይቀር ከምስሉ ላይ ቆርጦ አጠፋ፤ በስማቸው ፋንታ ቁጥር ሰጣቸው። የትኛው ቁጥር የማን እንደሆነ የሚያውቁት የማዕከሉ የዳታ ኃላፊ ወይዘሮ ሰናይት ብቻ ናቸው። ተመራማሪ ሁሉ ምስሉን መጠቀም ይችላል፤ ግን ፈርሞ ነው። የማን እንደሆነ ለማወቅ አልሞክርም፣ ለሌላ አላስተላልፍም፣ ስጨርስ አጠፋለሁ ብሎ ይፈርማል። ወይንሐረግም ፈረመች። ክረምቱን ሙሉ ፈቃድ ስትጠብቅ ከርማ መስከረም ላይ ተፈቀደላት፤ ዳታውን ወደ ኮምፒውተሯ አወረደችው።

ከዚያ ማጥራት ጀመረች። እንደ እህል ነው፤ ሳይለቀም አይፈጭም። ማሽኑ ውስጥ ሳለ የተነቃነቀ ሰው ምስሉ ይደበዝዛልና እሱ ይወጣል። እንዲህ እያለች፣ ጥሩውን እያስቀረች፣ የደበዘዘውን እያወጣች ቁጥር መቶ አሥራ ሰባት ደረሰች።

መቶ አሥራ ሰባት አልደበዘዘም። ጥርት ያለ ነው። ግን በስተቀኝ በኩል ሽምብራ የምታክል ነጭ ነገር አለችበት። ኮምፒውተሩ አልቀበልም አለ፤ አማካዩን አበላሸበት። ተጠቃሚዎቹ ማስታወሻ የሚለዋወጡበት አንድ ገጽ ነበርና ወይንሐረግ እዚያ ገብታ ፈለገች። አንዱ፣ "መቶ አሥራ ሰባት አማካዩን ያበላሻል፤ አውጡት" ብሏል። ሌላው እኔም አውጥቼዋለሁ፣ ስለጠቆምከን እናመሰግናለን ብሏል። ሌላዋም እንዲሁ። እንዴት ያለ ጨዋነት ነው! ክፉ ቃል የተናገረ የለም፤ ሁሉም ተመሰጋግኖ አለፈ። ወይንሐረግም "እኔም" ብላ ጻፈችና አወጣችው። ከዚያ ምሳ ልትበላ ሄደች።

ምን አጠፋች? ምንም። የሚያበላሸውን ማውጣት ሥራዋ ነው።

ከምሳ መልስ ግን በየቁጥሩ አጠገብ የተጻፈውን መረጃ ስታስተካክል፣ የመቶ አሥራ ሰባትን መስመር ልትሰርዝ ደረሰች። እንዲህ ይላል፦ ሴት፤ ሠላሳ አራት ዓመት፤ ቀኝ እጅ። በቃ። ለአንጎል ጥናት ስለሚያስፈልግ ሰዎቹ በየትኛው እጃቸው እንደሚጽፉ ይጠየቃሉ። ወይንሐረግ ልትሰርዝ ስትል እጇ ቆመ። ቀኝ እጅ። ይቺ ሴት አሁን በዚያ እጅ ምን እየሠራች ይሆን? የልጅ ፀጉር እያበጠረች ይሆን? ጥቁር ሰሌዳ ላይ እየጻፈች ይሆን? ወይስ ፀሐይ መትቶኝ ነው ብላ ግንባሯን ይዛ ተቀምጣ ይሆን? እስከዚያች ሰዓት ቁጥር ነበረች፤ አሁን ሰው ሆነችባት። ሰው ከሆነችባት በኋላ ደግሞ መሰረዝ አቃታት።

ወገኖቼ፣ ያን ምስል ያየው ብዙ ነው። ሁሉም ሌላ ሰው ነግሯት ይሆናል አለ። ያነሣው ሆስፒታል፣ ማዕከሉ ለሐኪም ያሳየዋል ብሎ ላከው። ማዕከሉ ደግሞ ሆስፒታሉ አሳይቶታል ብሎ ተቀበለው። ሴትዮዋ በሁለቱ መካከል ወደቀች።

ወይንሐረግ አማካሪዋ ዶክተር መርዕድ ዘንድ ሄደች። ክፉ ሰው አይደሉም፤ ለተማሪዎቻቸው የሚሳሱ ናቸው። የፈሩትም ለእሷው ነው። አንቺ ሐኪም አይደለሽም፣ ምንም ላይሆን ይችላል አሏት። ነገሩን ካነሣሽው ዳታውን በሙሉ ይዘጉታል፣ ሰኔ ላይ መመረቅሽም ይቀራል አሏት።

"ልጄ፣ ሳይጠሩት አቤት፣ ሳይልኩት ወዴት ይሆንብሻል። ሥራሽን ጨርሺ።"

"ዶክተር፣ መታመሟን ሳታውቅ እንዴት ትጠራናለች?" አለቻቸው።

ዶክተር መርዕድ መነጽራቸውን አውልቀው ዓይናቸውን አሹ።

ከዚያ ደግሞ ሌላ ፈተና መጣባት። በማዕከሉ ድረ ገጽ ላይ በጎ ፈቃደኞቹ አንድ ሆስፒታል ደጃፍ ተሰብስበው የተነሡት ፎቶ ነበር። ከፍታ ሴቶቹን አንድ በአንድ ታይ ጀመር። ይቺ ትሆን? ይቺ ሻርፕ ያደረገችው ትሆን? ባገኛት ደውዬ እነግራታለሁ ብላ ነው። ፍቅር ይመስላል፣ አይደል? ግን ቃል ገብታለች። ደግሞስ ምን ልትላት ነው? አንድ የማታውቁት ሰው ደውሎ ጭንቅላታችሁ ውስጥ ነገር አይቻለሁ ቢላችሁ፣ ያን ቀን እንዴት ትውላላችሁ? ወይንሐረግ አፈረች። ፎቶውን ዘጋችው።

እንግዲህ እንዳትተዋት ሰው ሆናባታለች፤ እንዳትፈልጋት ቃሏ ይዟታል። ምን ቀራት? ስሟን ወደሚያውቁት መሄድ ቀራት። ለወይዘሮ ሰናይት እንዲህ ብላ ጻፈች፦

"እኔ ሐኪም አይደለሁም፤ ተሳስቼ ይሆናል። ማን እንደሆነች ማወቅም አልፈልግም። እርስዎ ግን ያውቋታል። እባክዎን መቶ አሥራ ሰባትን አንድ ሐኪም ይይልን።"

ወይዘሮ ሰናይት አላሳደሩም፤ ምስሉን ሐኪም ዘንድ አደረሱ። በዚያው ሳምንት፣ ሁሉም ምስል በሐኪም ዓይን እስኪታይ ድረስ ተብሎ ዳታው ለሁሉም ተዘጋ፤ የወረደውንም አጥፉ ተባለ። ዶክተር መርዕድ የፈሩት ደረሰ። ሰኔ መጣ፤ ጓደኞቿ ጋዋን ለብሰው ሲመረቁ እሷ ከወላጆች መካከል ቆማ አጨበጨበች። እናቷ ደውለው ምነው የአንቺ ቀረ ሲሏት ምን ብላ ታስረዳቸው? ስልኩን ዘግታ አለቀሰች። ደግ ሥራ አያስለቅስም ያላችሁ ማን ነው?

አንድ ጊዜ ብቻ ወይዘሮ ሰናይት ዘንድ ደወለች። ተገኘች ወይ፣ ታከመች ወይ ብላ ጠየቀች።

"ልነግርሽ አልችልም፣ ወይንሐረግ። አንቺን ያሰረሽ ቃል እኔንም ያስረኛል።"

እሺ አለች። ከዚያ በኋላ የቀራት ጸሎት ነበር። ስሟን ስለማታውቅ፣ "ጌታ ሆይ፣ የዚያችን ሴት ቀኝ እጇን ያዝ" ትል ነበር። ሌላ የምትጠራበት አልነበራትም።

ዓመት አለፈ። ዳታው ተስተካክሎ እንደገና ተከፈተ፤ ወይንሐረግም እንደገና አወረደችው። ከአንድ አልጀመረችም፤ በቀጥታ መቶ አሥራ ሰባትን ከፈተች። አጠገቡ አዲስ ምስል ተጨምሮበታል። ያቺ ሴት ተመልሳ፣ በገዛ ፈቃዷ፣ ያ የሚጮኽ ማሽን ውስጥ ዳግመኛ ተኝታለች። ሽምብራዋ የለችም። በቦታዋ ትንሽ ጠባሳ ቀርቷል። ወይንሐረግ ዓይኗን ወደ ጽሑፉ ወሰደች። ሴት፤ ሠላሳ ስድስት ዓመት፤ ቀኝ እጅ።

ሠላሳ ስድስት። ዕድሜዋ ሠላሳ አራት ላይ አልቆመም።

ወይንሐረግ እንደ ሕፃን አለቀሰች። ዶክተር መርዕድ በዚያ ሲያልፉ አይተዋት ገቡ፤ ምስሉን አዩ፤ ወንበር ስበው አጠገቧ ተቀመጡ። ኮምፒውተሩ ግን ኮምፒውተር ነውና ያን ጠባሳም አልቀበልም አለ፤ አሁንም አማካዩን አበላሸበት። ወይንሐረግ እንባዋን እየጠረገች፣ "ያበላሽ" አለች።

ሁለቱ ሴቶች እስከ ዛሬ አይተዋወቁም። ምናልባት አንድ ታክሲ ውስጥ ጎን ለጎን ተቀምጠው፣ እባክሽ ትንሽ ጠጋ በይልኝ ተባብለው ይሆናል።

ወገኖቼ፣ እናንተስ ማንን ነው ያወጣችሁት?

ከመዘምራኑ መካከል ድምፅዋ የጠፋ አለች፤ አይታችኋል። ከእድሩ የቀረ ጎረቤት አለ፤ አይታችኋል። ክፍሉን ዘግቶ የሚውል የሚያድር የገዛ ልጃችሁ አለ፤ እሱንም አይታችኋል። ክፉ ቃል አልተናገራችሁም፤ ጨዋዎች ናችሁ። የእኛን ደህንነት፣ የእኛን ደስታ እንዳያበላሽ ብላችሁ በቀስታ ከመካከላችሁ አወጣችሁት። ሌላ ሰው ጠይቆት ይሆናል ብላችሁ ምሳችሁን በላችሁ።

አንዳንዶቻችን ደግሞ ወዲያኛው ጥግ ነን። ማን እንደሆነ ካላወቅን እንቅልፍ አይወስደንም። "ስሟን ልንገራችሁ፤ ለጸሎት ነው እንጂ ለወሬ አይደለም" እያልን የሰው ገመና ቤት ለቤት እናዞራለን። ትስቃላችሁ? ሳቁ፤ እኛው ነን። ስንቱ ቁስሉን ሳይሆን የእኛን አፍ ፈርቶ ነው ሳይታከም የቀረው።

መተውም፣ ማሳደድም አይደለም የተጠየቃችሁት። ስሙን ወደሚያውቀው ጌታ በጸሎት ውሰዱት። በፊቱ አማካይ የሚባል ሰው የለም፤ ቁጥር የሚባል ሰውም የለም። ከተንበረከካችሁበት ከተነሣችሁ በኋላ ደግሞ ጸለይን ብላችሁ እጃችሁን አታጣጥፉ፤ ሊረዳው የሚችለውን ሰው ቀስቅሱ። ዋጋ ያስከፍላችሁ ይሆናል። የእናንተ ቀን ይዘገይ ይሆናል። ይዘግይ።

አንድ ነገር ደግሞ ልጠይቃችሁ። እናንተ ራሳችሁ እስከዚህ ዕድሜ በምን ደረሳችሁ? ያ ክፉ ዓመት እንዴት አለፈላችሁ? እናንተ ደህና ነኝ ስትሉ ሕመማችሁን ያየ፣ ስማችሁን እንኳ ሳያውቅ ወደ ጌታ ያቀረባችሁ አንድ ሰው እንዳልነበረ በምን ታውቃላችሁ? እሱ ውለታውን አልነገራችሁም። እናንተም አላመሰገናችሁትም።

እንግዲህ አሁን፣ ይህን ስናገር በልባችሁ የመጣ አንድ ሰው አለ። የማታውቁት አይደለም፤ የዚህን ሰው ስም ታውቃላችሁ። ለእኔ አትንገሩኝ፤ ለጎረቤታችሁም አትንገሩ። ዓይናችሁን ጨፍኑና ለጌታ ብቻ ንገሩት። ከዚህ ስትወጡ ወደ ቤታችሁ ከመግባታችሁ በፊት የዚያን ሰው በር አንኳኩ።