አሥራ አምስት ኩንታል የሚችል ባሌስትራ

አንድ መኪና ያለው ሰው ነበረ። ቆይ አታቋርጠኝ፣ ጥያቄህን አልረሳሁትም። ርዕሰ መምህር ከሆንክ ገና ሁለት ወር ሳይሞላህ «ጋሼ፣ ሰው ላይ ምን ያህል ልጠንክር?» ብለህ መጥተሃል። መልሱ ያለው እዚህ ሰውዬ ጋ ነው፤ ስለዚህ ሻይህን እየጠጣህ ስማኝ።

ሰውዬው የገብስና የማር ነጋዴ ነበር። ቀበሌው ከከተማው በመኪና አራት ሰዓት ያህል ይርቃል። መንገድ ይባል እንጂ የድንጋይ ክምር ነው፤ ገደሉን ወርደህ፣ ወንዙን ውሃው ውስጥ ገብተህ ተሻግረህ፣ ደግሞ የማዶውን ዳገት ትወጣለህ። በዚያ አገር ከእሱ በቀር መኪና ያለው ሰው አልነበረም። የእሱም ከኋላዋ ሸራ የለበሰች፣ በአራቱም ጎማ የምትስብ አሮጌ ፒካፕ ናት።

መኪናዋ ሳትመጣ በፊት የዚያ አገር ሰው ሕመምተኛ የሚያወጣው በቃሬዛ ነበር። የቃሬዛ ማኅበር አላቸው። ጡሩምባ ሲነፋ ተረኛው ጎረምሳ ሁሉ ይሰበሰብና፣ አራት አራት እየሆነ በትከሻው እየተቀባበለ ቀኑን ሙሉ ይጓዛል። መኪናዋ ከመጣች ወዲህ ግን ቃሬዛው የቤተ ክርስቲያኑ ዕቃ ቤት ገብቶ ተሰቀለ። ሰውዬው ከአንድም ሕመምተኛ ሳንቲም ተቀብሎ አያውቅም። ኩራቱ ይኸው ነበር፤ የሚያኮራም ነገር ነው፣ አልክድበትም።

ታዲያ የመኪናዋ ባሌስትራ፣ ያ ከሥር ተደራርቦ ጭነት የሚሸከመው ብረት፣ አረጀና ለጥ አለ። ጉድጓድ በገባች ቁጥር ሆዷ ድንጋይ ይመታል። ሰውዬው ከተማ ወርዶ አንድ ሽማግሌ መካኒክ ዘንድ ወሰዳት።

መካኒኩ ከሥር ገብቶ አይቶ ወጣና «ብዙውን ጊዜ ምንድን ነው የምትጭናት?» ብሎ ጠየቀው።

በዚያ ሰዓት ጋራዡ በረንዳ ላይ የጭነት መኪና ባለቤቶች ተሰብስበው፣ አንዱ ሰማንያ ኩንታል፣ አንዱ መቶ ኩንታል እያለ ያወራል። ሰውዬው ወደ እነሱ ዞር ብሎ አየ። በዓመት አንዴ፣ በመከር፣ አሥራ አምስት ኩንታል ገብስ ጭኖ ያንን ዳገት ወጥቷል፤ ያውም እግዜር ረድቶት። በቀረው ቀን ግን የሚጭነው አንድ ሕመምተኛና አንድ አስታማሚ ነው። በእነዚያ ሰዎች ፊት ይኼን እንዴት ብሎ ይናገር?

«አሥራ አምስት ኩንታል» አለ።

«ሁልጊዜ?»

«ሁልጊዜ!» አለ ደረቱን ነፍቶ።

መካኒኩ ምን ቸገረው፣ የተነገረውን ሠራ። ወፋፍራም ባሌስትራ ደረደረላት፤ ንጥረቱን የሚያበርደውን አሞርዛተርም በጠንካራ ለወጠላት። መኪናዋ ከፍ ብላ፣ ኮራ ብላ ወጣች። የቀበሌው ሰው ከቧት አደነቀ። መከር ደረሰና አሥራ አምስቱን ኩንታል ብትሸከም ዝንፍ አላለችም። ሰውዬው ልክ ነበር ማለት ነው፣ በዓመት ለአንድ ቀን።

ከዚያ አንድ ገበሬ ከዛፍ ወድቆ ጭኑ ተሰበረ። ሰውዬው እንደ ልማዱ ፍራሽ አንጥፎ ከኋላ አስተኛውና ነዳ። ያን ያህል የጠነከረ ባሌስትራ ባዶውን ሲሆን አይታጠፍም፤ ድንጋዩን ሁሉ እንዳለ ወደ ላይ ያቀብላል። ሰውዬው መሪ ይዞ፣ ሥሩ ትራስ አድርጎ፣ «ወይ መኪና! ምን ያለች ናት ይቺ!» እያለ ነበር። ገበሬው ከኋላ ጋቢውን ነክሶ ነበር።

ሆስፒታል ሲደርሱ «እንዴት ነበር መንገዱ?» አለው።

«እግዜር ይስጥልኝ፣ ምንም አይል» አለ ገበሬው። ምን ይበል? በነጻ የጫነህን ሰው ገደልከኝ አይባል። እኛ አገር ይሉኝታ ከተሰበረ ጭን በላይ ያማል።

ከዚያ በኋላ ሰውዬውን የሚጠራ ሰው ጠፋ። አንድ ወር አለፈ፣ ሁለት ወር አለፈ። እሱም ዘንድሮስ አገሩ ጤና ሆነ ብሎ አምላኩን አመሰገነ፤ ከልቡ ነው የምልህ።

አንድ ቀን ጠዋት በጓሮው በኩል አቋርጦ ወደ ወፍጮ ቤት ሲሄድ፣ ስምንት ጎረምሶች አንዲት አሮጊት በቃሬዛ ተሸክመው ከቤተ ክርስቲያኑ ጀርባ ሲዞሩ ደረሰባቸው። ዋናው መንገድ በእሱ በር ያልፋልና፣ እንዳያያቸው ብለው ነው የዞሩት። ሲያዩት መሬት መሬት አዩ። ከመካከላቸው አንዱ እንደምንም «እርስዎን እንዳናስቸግር ብለን ነው» አለ።

ሰውዬው ደሙ ፈላ። ቤቱ ገብቶ «ምስጋና ቢስ ሕዝብ!» እያለ ተንጎራደደ። ሚስቱ ከተጋቡ በዘጠኝ ዓመታቸው የመጀመሪያ ልጃቸውን አርግዛ ስምንተኛ ወሯ ነው። እሷም «እኔም ቀኔ ሲደርስ በቃሬዛ ነው የምሄደው። ለቃሬዛው ልጆች ነግሬያቸዋለሁ» አለችው።

«የገዛ ባልሽ መኪና በር ላይ ቆማ?»

«አንተ የፊት ወንበርህን እንጂ መኪናህን መች ታውቃታለህ?»

ንዴቱ ለቀቀውና ፍርሃት ያዘው። አንዲት ምጥ የያዛት ሴት በሰው ትከሻ ያን ገደል ስትወርድ፣ ወንዙ ሞልቶ ስትጠብቅ፣ በዓይነ ሕሊናው አየ። ዘጠኝ ዓመት የጠበቀውን ልጅ፣ እሷንም ጭምር፣ በዚያ መንገድ ላይ ሊያጣ ነው።

በማግስቱ የሚስቱን ወንድም ጠራ። መንዳት ያውቃል። ቁልፉን ሰጠውና፣ እሱ ራሱ ፍራሹን አንጥፎ ከኋላ፣ ልክ ሕመምተኛው የሚተኛበት ቦታ ላይ፣ በጀርባው ተኛ። «እስከ ከተማ ንዳ። ብጮህም እንዳታቆም» አለው።

ገና ወንዙ ሳይደርሱ «አቁም!» ብሎ ጮኸ። ልጁ የታዘዘውን አክባሪ ነውና አላቆመም። ሰውዬው ጥርሱን ነክሶ፣ በሁለት እጁ የሸራውን ብረት ይዞ፣ ያን ጭኑ የተሰበረ ገበሬ እያሰበ አራት ሰዓት ተጓዘ። እንባው መጣ። ከሕመሙ ይሁን ከኀፍረቱ እሱም አልለየውም።

ጋራዡ በር ላይ ወገቡን ይዞ ወረደ። በረንዳው እንደ ወትሮው በባለ መኪኖች ተሞልቷል። በእነሱው ፊት «ጋሼ፣ ያን ቀን ዋሽቼዎታለሁ። እኔ ብዙውን ቀን የምጭነው አንድ ሕመምተኛ ነው» አለ።

«ታዲያ ምነው ያኔ ብትናገር?» አለ መካኒኩ።

«ሰው ነበራ!»

መካኒኩ ሳቁን ዋጥ አደረገና ሥራውን ጀመረ። ከባሌስትራው ሦስት ብረት አወጣ፣ አሞርዛተሩን ለወጠ። ሰውዬው «ከነካኩት አይቀር በጣም አለስልሱልኝ» ሲለው ግን እምቢ አለ። «በጣም ከለሰለሰ እንደ ድሮው ሆዷ ድንጋይ ሊመታ ነው። ባሌስትራ የሚለካው በዘወትር ጭነቱ ነው። ገብስህን በሁለት ምልልስ አድርገው።»

ሰውዬው ሲመለስም ከኋላ ተኛ። ድንጋዩ ያው ድንጋይ ነው፤ ግን አሁን ሰው ይችለዋል።

የሚስቱ ቀን ደረሰ። ጡሩምባው ተነፋ፣ ጎረምሶቹም ቃሬዛውን ይዘው ደጁ ላይ ቆሙ። ሰውዬው መኪናዋ አጠገብ ቆሟል፤ አልተከራከረም፣ አልለመነም። ሚስቱ መቃኑን ይዛ ምጡ ፋታ እስኪሰጣት ጠበቀችና ቀና ብላ አየችው።

«ተኝተህባታል?»

«ስሄድም፣ ስመለስም።»

ፊቱን ትንሽ አጤነችው። ከዚያ ወደ ጎረምሶቹ ዞራ «ደግፉኝና ልውጣ» አለችና መኪናዋ ላይ ወጣች። ሴት ልጅ ሆስፒታል ውስጥ፣ በሰላም ተወለደች።

እንግዲህ ይርዳው ልጄ፣ ባለ መኪናው አንተ ነህ። የትምህርት ቤቱን በር ጠዋት ልክ በሁለት ሰዓት ማስቆለፍህን ሰምቻለሁ። ካንተ በፊት የነበረው ሰው ልል ነበርና ቤቱ ሆዱ ድንጋይ ሲመታ ኖሯል፤ ስለዚህ መጠንከርህ አላስከፋኝም። ግን ጥንካሬህን በምን ለካኸው? የወረዳው ስብሰባ ላይ፣ ሌሎቹ ርዕሳነ መምህራን እየሰሙ፣ «እኔ ጋ አንድ ደቂቃ አይታለፍም!» ብለሃል አሉ። ያ አሥራ አምስቱ ኩንታልህ ነው። ማንም ደግሞ መጥቶ አይነግርህም፤ አስተማሪዎችህ ይፈሩሃል፣ ወላጆቹ ያፍሩሃል። በር የተዘጋባቸው ልጆች ሁለት ቀን ይመለሳሉ፣ በሦስተኛው ቀን ከነጭራሹ ይቀራሉ። አንተም አርፋጅ ጠፋ ብለህ አምላክህን ታመሰግናለህ።

ከወንዝ ማዶ የሚመጡ ስድስት ልጆች ነበሩህ። ዛሬ ስንት ናቸው? አየህ፣ አታውቅም። ነገ ከሰዓት በኋላ ተሻገርና እነሱ ዘንድ እደር። ጠዋት ሲነሱ ተነሣ፣ የበሉትን ብላ፣ የወንዙን ገደል አብረሃቸው በእግርህ ና። በሩ በስንት ሰዓት መዘጋት እንዳለበት ያን ጊዜ አንተው ትነግረኛለህ።