ባለ ዓሣው ድንጋዮቹን ሲያነሣ

አንድ ሰው ነበረ፤ ሳሎኑ ውስጥ ዓሣ የሚያረባ። ሳቅህን ዋጥ አድርግና ስማኝ እንጂ! «አባባ፣ አዲሷ ባለቤቴ ይዛት የመጣችውን ልጇን ልጆቼ አላስቀምጥ አሏት፤ ወደ አክስቴ ቤት መልሱኝ እያለች ነው። ማንን ልቅጣ?» ብለህ ስትጠይቀኝ ስለ ዓሣ የማወራልህ ጃጅቼ መስሎህ ከሆነ ተሳስተሃል። መልስህ ያለው እዚያ የመስታወት ገንዳ ውስጥ ነው።

ዓሦቹ ሲክሊድ ይባላሉ፤ ከማላዊ ሐይቅ የመጡ፣ የእኛው የቆሮሶ ዓሣ ዘመዶች ናቸው። ቀለማቸውን ብታይ! አንዱ ሰማያዊ፣ አንዱ እንደ ሎሚ ቢጫ፣ አንዱ ብርቱካን። ጠባያቸው ግን አይጣል ነው። ሰውየው ገንዳው ውስጥ ድንጋይ ከምሮላቸው እያንዳንዱ የራሱን ስንጥቅ ይዟል፤ በዚያ ደጃፍ ያለፈ ሁሉ ይነከሳል።

ታዲያ ይህ ሰው አንድ አዲስ ዓሣ አመጣ፤ ነጭ፣ ትንሽዬ። ገና ውሃው ውስጥ ስትገባ ወረዱባት። ክንፏን ሸረካከቱት። ሸሽታ እላይ ጥግ ላይ፣ ከውሃ ማጣሪያው ኋላ ተለጠፈች፤ ምግብ ሲበተን እንኳ አትወርድም። በዚሁ ከቀጠለች እንደምትሞት ሰውየው ገባው።

ምን አደረገ መሰለህ? ልክ እንዳንተ ጥፋተኛ ፍለጋ ገባ። ሰማያዊውን «ጠበኛው አንተ ነህ!» ብሎ በመረብ አወጣና ባልዲ ውስጥ አሰረው። ወዲያው ቢጫው የሰማያዊውን ስንጥቅ ወረሰና በተራው ነጯን ያሳድድ ጀመር። ሰማያዊውን መልሶ ቢጫውን አወጣ፤ ያው ነው። ከዚያ አዘነላትና ትንሽ የሸክላ ድስት በጎኑ አስተኝቶ «ይኼ ያንቺ ቤት ነው» አላት። ይኼኛው ደግሞ ባሰ! የት እንዳለች ሁሉም ስላወቁ ድስቱ አፍ ላይ ተሰብስበው ይጠብቋት ጀመር፤ እሷም ወደ ጥጓ ተመለሰች።

ምነው ቀና አልክ? አዎ፣ አንተም ለብቻዋ ክፍል ሰጥተሃታል፤ ልጆቹም በሩ ላይ ቆመው «ልዕልቷ» እያሉ ይስቁባታል።

ሰውየው በገነ። «ሁለተኛ ዓሣ የሚባል ቤቴ አይገባም!» ብሎ እጅጌውን ሰበሰበና ገንዳውን ሊያፈርስ ድስቱንም ድንጋዩንም እያወጣ መሬት ላይ ደረደረ። የመጨረሻውን ሲያወጣ ወደ ውሃው ተመለከተ። ምን ቢያይ ጥሩ ነው! ሰማያዊው የሚጠብቀው ደጃፍ አጥቶ ወዲያ ወዲህ ይላል። ቢጫው ግራ ገብቶት ከብርቱካኑ ጎን ቆሟል። የሚነክስ የለም። ነጯም ከጥጓ ወርዳ መካከላቸው ትዋኛለች! የሰውየው ልብ በደስታ ዘለለ። ለካ ጠባቸው ከእሷ ጋር አልነበረም፤ ድንጋያቸውን ሲጠብቁ ነው የኖሩት!

ድንጋዮቹን መልሶ ከመረ፤ ግን አንዱንም በቀድሞ ቦታው አላደረገም። ዓሦቹ ሁሉ በአንድ ጊዜ እንግዳ ሆኑ። ሁሉም ቤት ፈላጊ ሆነ፤ ነጯም እንደማንኛቸውም ፈልጋ አንድ ስንጥቅ ያዘች። መነካከሱ ጨርሶ ቀረ አልልህም፤ ሲክሊድ ያው ሲክሊድ ነው። ምግብ ሲበተን ግን ከሁሉም ጋር እየተሻማች በላች።

እንግዲህ ልጄ፣ ገንዳው ቤትህ ነው። ልጆችህ ክፉ አይደሉም። ወንዱ የመስኮቱን አልጋ፣ ሴቷ ገበታ ላይ ካንተ ቀጥሎ ያለውን ወንበር ይዘው ኖረዋል፤ እሷ የት ትግባ? ማንንም አትቅጣ! ዛሬውኑ ሂድና አልጋውን ሁሉ ከቦታው አንቀሳቅስ። መኝታ ቤቱን ሳሎን፣ ሳሎኑን መኝታ ቤት አድርገው። ሦስቱም ልጆች አብረው ይሸከሙ፣ አዲስ ቦታቸውንም አብረው ይምረጡ።

አሁን ደግሞ ለምን አመነታህ? ገባኝ። ነፍሷን ይማርና፣ የመጀመሪያዋ ባለቤትህ ትቀመጥበት የነበረው ትልቁ ሶፋ ነው። እስከ ዛሬ ሰው እንዲቀመጥበት አልፈቀድክም፤ እኔን ሽማግሌውን እንኳ አንድ ጊዜ አስነሥተኸኛል። ሐዘንህን አውቃለሁ፣ ልቤንም ይነካኛል። ነገር ግን ልጆችህ ድንጋይ መጠበቅን የተማሩት ካንተ ነው።

በል ተነሥ፣ እንሂድ። ሶፋውን በአንድ ወገን እኔ እይዝልሃለሁ።