ጳጉሜን የማያውቀው ማንቂያ

ተረቴ መጣ ወዳጆቼ! «ይምጣ፣ ቦታ አለው!» በሉኝ።

ድሮ ነው። ስልክ ቁልፍ በነበረው ዘመን፣ ኢንተርኔት ከኤሊ ይበልጥ በሚያዘግምበት ዘመን፣ ፕሮግራም በፍላሽ ተጭኖ ከጎረቤት ወደ ጎረቤት በሚዞርበት በዚያ ደግ ዘመን። በአንድ ወንዝ ዳር አውሬዎች አብረው ይኖሩ ነበር። ወንዙ ግን ክረምት ሲሆን ይሞላል፤ ሲሞላም ሳይናገር ይመጣል።

«ወንዙ ካልነገረን እኛ እንናገርለት» ተባባሉ አያ ኤሊ፣ እመት ሸረሪትና እመት ጦጢት። አመሻሽ ላይ ከየሥራቸው ሲመለሱ ዋርካ ሥር እየተቀመጡ ፕሮግራም ሠሩ። አያ ኤሊ ኮዱን ጻፈ። እመት ሸረሪት ከወንዙ መለኪያ እስከ እያንዳንዱ ስልክ መስመር ዘረጋች። እመት ጦጢት ከዛፍ ዛፍ እየዘለለች ለሁሉም አደለች። ስሙን ንቃ አሉት። ማንም አልከፈላቸውም፤ እነሱም ማንንም አላስከፈሉም። ኮዱም ክፍት ነበር፤ የፈለገ ያየዋል፣ የቻለ ያርመዋል።

ንቃ ጠዋት ጠዋት «ወንዙ ደህና ነው፤ ደህና ዋሉ» ይላል። ውሃው ከፍ ሲል ደግሞ «ሙላት መጣ! ሽሹ!» ብሎ ይጮኻል። አቤት ያኔ! አንዱ ስልክ ሲጮኽ ሌላው እየተቀበለው፣ ሸለቆው እንደ ሠርግ ቤት ይደምቅ ነበር። ለንቃ ሰላምታ «አሜን» ብሎ የሚመልስም ነበር።

አንድ ዓመት ነሐሴ ወጣ፣ ጳጉሜ ገባ። ጠዋት ንቃ ዝም አለ። ከሰዓት በኋላ ደጋው ላይ ዘንቦ ወንዙ ሞላ። ንቃ አሁንም ዝም አለ። እመት ሚዳቋ ግልገሏን ወንዙ ዳር አስተኝታ ጉብታው ላይ ትግጥ ነበር። ጩኸት ሰምታ ብትሮጥ ውሃው ግልገሏን ወስዷታል። ታች ወርዳ፣ የሾላ ሥር ይዟት አገኘቻት። ነፍሷ አለች፤ እግሯ ግን ተሰብሯል።

እመት ሚዳቋ ግልገሏን ታቅፋ ዋርካው ሥር መጣች። አውሬው ሁሉ ተሰበሰበ።

«ንቃ፣ ለምን አልጠራኸኝም?» አለችው።

«እናቴ፣ ከነሐሴ ቀጥሎ የመጣውን ወር አላወቅኩትም» አለ ንቃ። «ያልተጻፈልኝን አላነብም።»

ወደ እመት ጦጢት ዞረች። «አንቺ ነሽ የሰጠሽኝ።»

«እኔ አደልኩ እንጂ አልጻፍኩም» አለች እመት ጦጢት።

ወደ እመት ሸረሪት ዞረች። «መስመሩ ያንቺ ነው።»

«መስመሬ አልተበጠሰም፤ ደግሞስ በነፃ አይደል የሰጠነው?» አለች እመት ሸረሪት።

«በነፃ መሆኑን አውቃለሁ» አለች እመት ሚዳቋ። «ልጄን ወንዝ ዳር ያስተኛሁት ግን ንቃን አምኜ ነው።»

ወደ አያ ኤሊ ዞረች። አያ ኤሊ፣ «ወሮቹን የጻፍኩት እኔ ነኝ» አለ። «አሥራ ሁለት ብዬ ዘጋሁ። ጳጉሜን ረሳኋት። ጥፋቱ የኔ ነው።» «ከእንግዲህ አልጽፍም» አለና አንገቱን ወደ ድንጋይ ልብሱ ሰበሰበ።

ይሄኔ አያ ከርከሮ ተነሣ። ጉድጓዱ ውሃ ገብቶበት ተቆጥቷል። «ንቃ ይባረር! ይህ ፕሮግራም ድሮም የማይረባ ነው! አምና በጳጉሜም እንዲሁ ዝም ብሎ ነበር!»

«አምና አይተህ ነበር?» አለች እመት ሚዳቋ።

«አይቻለሁ።»

«ለማን ነገርክ?»

«እኔ ምን አገባኝ? የጻፈው እሱ!»

እመት ሚዳቋ ግልገሏን እያየች፣ «አያ ከርከሮ፣ ኮዱ ክፍት ነበር፤ የተዘጋው ያንተ አፍ ነው» አለችው።

ከዚያ አንዲት ጃርት ከወደ ኋላ፣ «እኔም ዝምታውን ሰምቼ ሌላው ይነግራቸዋል አልኩ» አለች። «እኔም» አለ ጉሬዛ። «እኔም... እኔም...» ተባለ፤ ሁሉም መሬት መሬት አየ።

እመት ሚዳቋ ወደ አያ ኤሊ ተጠጋች። «አያ ኤሊ፣ ልቤ አሁንም አዝኗል። ግን ውጣ። አንተ ብትደበቅ የልጄ እግር አይጠገንም፤ የሌላዋም ልጅ አይድንም። ውጣና አርመው።»

አያ ኤሊ ቀስ ብሎ ወጣ። ኮዱን ጮክ ብሎ ያነብ ጀመር፤ እመት ሸረሪት መስመር በመስመር ትከተላለች፣ እመት ጦጢት «ይህስ? ይህስ?» ትላለች። አያ ከርከሮም አፍሮ ቢቆይም መጥቶ ተቀመጠ፤ ያየውን ሁሉ አንድ ሳያስቀር ተናገረ። ጳጉሜም ቦታዋን አገኘች።

በዓመቱ ጳጉሜ ወንዙ ገና በጠዋቱ ሞላ። «ሙላት መጣ! ሽሹ!» አለ ንቃ። ሁሉም ጉብታው ላይ ወጣ። ግልገሏም እያነከሰች፣ ግን በራሷ እግር፣ ከእናቷ ኋላ ወጣች። አያ ኤሊ ግልገሏ እስክታልፍ ድረስ ዓይኑን ከእግሯ ላይ አልነቀለም።

ያ ዘመን አለፈ። ስልኩም ቁልፉን ጣለ፤ ያ ሁሉ ጎረቤት ከነፍላሹ ተበተነ። አሁን ፕሮግራሙ ሁሉ ከሰማይ እንደ ዝናብ ይወርዳል፤ ማን እንደሠራውም የሚጠይቅ የለም። እኔ ግን እነዚያ ዋርካ ሥር ተኮልኩለው ኮድ የሚያነቡት ይናፍቁኛል።

ተረቴን ጨረስኩ፤ እናንተ ቀጥሉት። የሠራ እጅ ስህተቱን ይቀበል፤ ያየ ዓይንም ዝም አይበል።