የገደል ሥር ስብራት ዋጋ

ተረቴን ላወራ ነው፤ ጆሮ ያለው ጆሮውን፣ የሌለው የጎረቤቱን ያቅርብ!

በተራራ አናት ላይ የሚኖር አንድ አንበሳ ነበር። አንድ ቀን እንዲህ ሲል አዋጅ አስነገረ፦ «ተራራው ላይ ስብራት የሚጠግን ወጌሻ አንድ ጋን ማር ይከፈለዋል። ገደሉ ሥር ለሚጠግን ግን ምስጋና ይበቃዋል።»

ወጌሻ የሆነ ጦጣ ሁሉ ጓዙን ጠቅልሎ ሽቅብ ወጣ። እዚያ ለአንድ ወለምታ አርባ ጦጣ ይሻማ ጀመር፤ ከማሩ ብዛት ጢማቸው ከደረታቸው ተጣበቀ። ገደሉ ሥር ግን እግሩ የተሰበረ አህያ የሚያየው አጥቶ በሦስት እግሩ ቀረ።

ታዲያ አንበሳው ሚዳቋ ሲያባርር ተንከባሎ ገደሉ ሥር ወደቀና እግሩ ተሰበረ። «ወጌሻ!» ብሎ ሲያገሳ ደመናው ደንግጦ ሸሸ።

ማር ጠግባ መውረድ የሰነፈች አሮጊት ጦጣ ከላይ አንገቷን አሰገገች። «የት ወድቀው ነው፣ ጌታዬ?»

«ገደሉ ሥር!»

«ውይ! እዚያማ ዋጋው ምስጋና ነው።»

«አሥር ጋን ማር እሰጥሻለሁ፣ ውረጂ!»

«ኧረ በስማም! የእርስዎን አዋጅ እኔ ልሻር?»

ይሄኔ አህያው እያነከሰ መጣና፣ «አይዞዎት ጌታዬ፣ ሦስት እግር ይለመዳል» አለው።

አንበሳው የተሰበረ እግሩን ዋጋ ወደሚያወጣበት ለማድረስ ሽቅብ መዳህ ጀመረ። እስከ ዛሬ አልደረሰም፤ የተራራው ወገብ ላይ ሲደርስ ግን እግሩ ግማሽ ጋን አውጥቷል አሉ።

ተረቴ አለቀ፤ ለደረቀው አፌ ጠላ አምጡ። የቆላ ሰው ነው ብላችሁ ውሃ እንዳትሰጡኝ!